ነጥብና ግንብ፦ ታሪካዊ የመብራት ማማዎች በባሕር ካርታ ላይ በውሃ ቀለም ሲሣሉ

በ1፡80,000 ስኬል በተሠራ የባሕር ካርታ ላይ 60 ሜትር ቁመት ያለው የመብራት ማማ እንደ ልኩ ቢሣል ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ካርታ ደግሞ አገሩን ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ለቁመት ጭራሽ ቦታ የለውም። ስለዚህ ማማው በካርታው ላይ የሚታወቀው በአንዲት ነጥብ፣ ከነጥቧ እንደ እንባ ዘለላ በሚወርድ ሐምራዊ ቀለምና አጠገቧ በተጻፉ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ነው። መርከበኛው ከባሕር ሆኖ የሚያየው ሌላ ነው፤ ነጭ፣ ቀይ ወይም ባለ መስመር ግንብ፣ በግንቡ አናት የመስተዋት ክፍል፣ ከሥሩ ቋጥኝና የጠባቂው ቤት። ታሪካዊ የመብራት ማማዎችን በባሕር ካርታ ላይ በውሃ ቀለም የመሣል ጥበብ እነዚህን ሁለት አስተያየቶች፣ ከሰማይ የሚታየውን ነጥብና ከባሕር የሚታየውን ግንብ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛል።

ጥበቡ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በሰሜን አሜሪካና በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። ሠዓሊው አገልግሎቱን የጨረሰ ካርታ ይፈልግና በዚያው ካርታ ውስጥ በነጥብ የተመለከተውን ማማ ከነቁመናው ይሥልበታል። ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ለጎብኚዎች ስለሆነ እንደ ግድግዳ ጌጥ ብቻ ይቆጠራል። ግምቱ ጥቂት እውነት ቢኖረውም የታሪኩን ትልቁን ክፍል ይዘለዋል። ካርታውና ከባሕር የሚታየው የዳርቻው ሥዕል ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በአንድ ገጽ ላይ አብረው ኖረዋል፤ የተለያዩት በኋላ ነው። ዛሬ በካርታ ላይ ማማ የሚሥል ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የተፋቱትን ያስታርቃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፈረንሳዮችና ጣልያኖች የመብራት ማማን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ በእስክንድርያ ወደብ ፊት ለፊት ግዙፉ ማማ ከተሠራበት ከፋሮስ ደሴት ነው። ያ ማማ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦች ፈረሰ፤ በቦታውም በ15ኛው መቶ ዘመን የሱልጣን ቃይትባይ ምሽግ ተሠራ። አማርኛ በዐረብኛ በኩል የተቀበለው «ፋኖስ» የሚለው ቃልም የግሪክ ዝርያ አለው፤ ነገር ግን የሚወለደው ከሌላ ቃል ስለሆነ ከፋሮስ ጋር ማምታታት አይገባም። እዚህ ላይ ለጠቅላላው ግንብ «የመብራት ማማ»፣ በአናቱ ላይ ለሚበራው ብርሃን ደግሞ «መብራት» የሚለው ቃል ይበቃል።

ሥዕሉን ለመረዳት አስቀድሞ ካርታው ስለ ማማው ምን እንደሚናገር ማወቅ ይጠቅማል። ከነጥቧ አጠገብ የሚጻፈው ምሕጻረ ቃል በቅደም ተከተል አራት ነገር ይነግራል፤ መብራቱ ብልጭ የሚል ወይም ሳይቋረጥ የሚበራ መሆኑን፣ ብልጭታው በስንት ሴኮንድ እንደሚመላለስ፣ መብራቱ ከባሕር ወለል ምን ያህል ሜትር ወይም ጫማ ከፍ እንደሚል፣ በመጨረሻም በስንት የባሕር ማይል ርቀት እንደሚታይ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ከፍታው መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች መብራት የቱንም ያህል ቢደምቅ ከአድማስ በታች ከሆነ አይታይም። በ30 ሜትር ከፍታ ላይ የሚበራ መብራት፣ ዓይኑ ከውሃው 4 ሜትር ከፍ ላለ መርከበኛ ብቅ የሚለው በ15 ተኩል የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ይኸውም 29 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ማማ የሚረዝመው በዚህ ስሌት እንጂ ለግርማ ሞገስ አይደለም፤ ግርማው ሳይፈለግ የመጣ ነው።

ካርታንና የዳርቻ ሥዕልን በአንድ ገጽ ያጋባው ሰው የኔዘርላንድ መርከበኛ ሉካስ ያንስዞን ቫኸናር ነው። የኤንክሃውዘን ከተማ ተወላጅ የነበረው ቫኸናር በ1584 የባሕር ካርታዎች መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ካርታ ወደቡን፣ ጥልቀቱንና የተደበቀውን ዐለት ከላይ ያሳያል፤ በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ የዳርቻው ኮረብታ፣ የቤተ ክርስቲያን ማማና ዛፍ ከመርከብ ላይ እንደሚታዩ በጎን ተሥለዋል። መርከበኛው ካርታውን ያያል፣ ቀና ብሎ ዳርቻውን ያያል፣ ሁለቱን ያስተያያል። መጽሐፉ በ1588 ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ በኋላ የደራሲው ስም በእንግሊዝ መርከበኞች አፍ ተለውጦ ማንኛውም የባሕር ካርታ መጽሐፍ በእርሱ ስም ይጠራ ጀመር። የደራሲ ስም የዕቃ ስም ሲሆን የሚታየው በጥቂቱ ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የውሃ ቀለም ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆነ። ከዚያ በፊት ሠዓሊው ቀለሙን ራሱ ፈጭቶ ከሙጫ ጋር ይለውስ ነበር። የለንደኖቹ የሪቭስ ወንድማማቾች ቀለሙን አድርቀው እንደ ትንሽ ሳሙና በመቅረጻቸው በ1781 የሥነ ጥበባት ማኅበር የብር ሽልማት ሰጣቸው። ቀለሙን ለማስነሣት የራሰ ብሩሽ ብቻ በቂ ሆነ። ዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ በሚናወጥ መርከብ ወለል ላይ ለቀናት የሚደርቅ ሥዕል ደግሞ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። የውሃ ቀለም ሣጥን ከኪስ ይገባል፤ ሥዕሉም መርከቡ ዳርቻውን አልፎ ሳይሄድ ይደርቃል። የብሪታንያ ባሕር ኃይልም ሥዕልን ለወጣት መኮንኖቹ እንደ ሙያ ያስተምር ነበር፤ በፖርትስማውዝ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ጆን ክሪስቲያን ሼትኪ የተባለው የባሕር ሠዓሊ ከ1811 ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል የሥዕል መምህር ሆኖ አገልግሏል።

በዚህ መስክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ጆን ቶማስ ሰሬስ ነው። የሠዓሊ ልጅ የሆነው ሰሬስ ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ዳርቻዎችን እንዲሥል ተሹሞ ነበር። በ1801 ያሳተመው መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ የመርከበኞች መምሪያ ሲሆን፣ የራሱን የዳርቻ ገጽታ ሥዕሎች አክሎበታል። ሥዕሎቹ በመዳብ ሰሌዳ ታትመው እያንዳንዳቸው በእጅ በውሃ ቀለም ተቀብተዋል። እነዚህ ሥዕሎች ውበታቸው ዓይን ቢስብም የተሠሩት ለውበት አልነበረም፤ መርከበኛው ማለዳ ላይ የማያውቀው ዳርቻ ፊት ለፊቱ ሲመጣ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ነው። ሠዓሊው ኮረብታውን ለማሳመር ትንሽ ከፍ ቢያደርገው መርከብ ሊሰጥም ይችል ነበር።

ይህን የመሰለ ዕጥፍ ሙያ የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢም በሌላ በኩል ያውቀዋል። በ1805 ትግራይን የጎበኘው ሄንሪ ሶልት ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከሎርድ ቫለንሺያ ጋር የመጣው ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ነው። ብሩሹ የመልክዓ ምድር ሥዕሎችን አፈራ፤ ያው እጅ በ1809 በታተመው የቫለንሺያ የጉዞ መጽሐፍ ለወጣው የቀይ ባሕር ዳርቻ ካርታም አስተዋጽኦ አድርጓል። በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ላይ የመብራት ማማ አልነበረም። ባሕሩ በዝርዝር የተቀየሰው ከ1829 ጀምሮ በካፒቴን ሮበርት ሞርስቢና በባልደረባው በኤልዎን መርከቦች ሲሆን፣ በግብፅ ዳርቻ ትይዩ ባሉት «ወንድማማቾች» በሚባሉት ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ማማው የቆመው በ1883 ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ የመርከቡ ብዛት ሲጨምር ለመብራት የሚወጣው ወጪ ትርጉም አገኘ።

የሚቀጥለው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ቢሆንም ለዚህ ጥበብ ዋናው የዘር ሐረግ ሳይሆን አይቀርም። የብሪታንያ ባሕር ኃይል የባሕር ቅየሳ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1795 ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ካርታዎቹ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተሙ ነበር። በጥቁር የታተመ ወረቀት ላይ ግን የመብራቱ ነጥብ በመቶ በሚቆጠሩ የጥልቀት ቁጥሮች መካከል ይጠፋል። ስለዚህ ከታተመ በኋላ ሠራተኞች በብሩሽ እያንዳንዱን መብራት ቢጫ ቀብተው በመካከሉ ቀይ ነጥብ ያሳርፉበት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በባሕር ካርታ ላይ የመብራት ማማን በውሃ ቀለም አስቀድመው ከቀቡት አንዱ ሠዓሊ ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈ የካርታ ቤት ሠራተኛ ነው። የቀለም ማተሚያ ሲስፋፋ ብሩሹ ሥራ አጣ። ዛሬ የሚታየው ሐምራዊ ጠብታ የዚያ ብሩሽ ወራሽ ነው፤ ቀለሙ ሐምራዊ መሆኑም ምክንያት አለው። መርከበኞች ሌሊት ዓይናቸው ጨለማውን እንዳይረሳ ካርታውን በቀይ አምፖል ያዩታል፤ ቀይ ቀለም በቀይ ብርሃን ሥር ይጠፋል፣ ሐምራዊው ግን ጎልቶ ይነበባል።

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት የሆነ አንድ ታሪክ የካርታ ሥራና ሥዕል መቼ መጣላት እንደጀመሩ ያመለክታል። በኋላ ዝነኛ ሠዓሊ የሆነው ጄምስ ዊስለር ከኅዳር 1854 እስከ የካቲት 1855 በዋሽንግተን በዚሁ መሥሪያ ቤት የመዳብ ሰሌዳ ቀራጭ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። የካሊፎርኒያውን የአናካፓን ደሴት ገጽታ እንዲቀርጽ ሲታዘዝ ደሴቱን በጥንቃቄ ቀረጸ፤ ከዚያም ሰማዩ ባዶ መስሎት የባሕር ወፎች ጨመረበት። በሌላ ሰሌዳ ላይም ከዳርቻው በላይ ባለው ባዶ ቦታ የሰዎች ፊት ጭሮበታል። ወፍ መርከብን አያሳስትም፤ ነገር ግን ካርታ ቤቱ የሚፈልገው የተለካውን ብቻ ነበር። ዊስለር ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። በመዳብ ላይ የመቅረጽን ጥበብ ግን የተማረው እዚያ ነው፤ ከካርታ ቤቱ ይልቅ ሥዕል የተጠቀመበት ቅጥር ነበር ማለት ይቻላል።

የውሃ ቀለም ከካርታው ወጥቶ ወደ ሥዕል ማሳያ አዳራሽ በገባ ጊዜ የመብራት ማማዎችን ይዞ ነው የወጣው። ከሁሉ በላይ የሚነሣው የቤል ሮክ ማማ ነው። ቤል ሮክ ከስኮትላንድ ዳርቻ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ዐለት ሲሆን፣ ባሕሩ ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ይሰጥማል። ሠራተኞቹ መሠረቱን የሚቆፍሩት ውሃው በሚጎድልባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ሥራው በ1807 ተጀምሮ መብራቱ በየካቲት 1 ቀን 1811 በራ፤ 35 ሜትር የሚሆነው ግንብ ዛሬም በቦታው ቆሟል። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ስለ ሥራው የጻፈው መጽሐፍ በ1824 ሲታተም በመግቢያው የወጣው ሥዕል የጆሴፍ ተርነር ነበር። ተርነር የውሃ ቀለም ሥዕሉን የሠራው በ1819 ነው። ዐለቱን በዓይኑ አላየም፤ የሌላ ሰው ንድፍ ፊቱ አስቀምጦ፣ ባሕሩን ከራሱ ትዝታ አመጣ። ማዕበሉ ግንቡን እስከ ወገቡ ሲያጅበው፣ መርከቦች በዙሪያው ሲናጡ ይታያሉ። የማዕበሉን አረፋ ነጭነት ያገኘው ቀለም በመጨመር ብቻ ሳይሆን የደረቀውን ቀለም ከወረቀቱ ላይ በስለት በመፋቅ ጭምር ነው። ይህ ዘዴ ወፍራም ወረቀት ይጠይቃል። በካርታ ላይ የሚሥል ሠዓሊ ሊቀዳው ቢሞክር ከቀለሙ ጋር የታተመውን ቁጥርም ይፍቃል።

በአሜሪካ ዊንስሎው ሆመር በ1880 ክረምቱን በማሳቹሴትስ በግሎስተር ወደብ፣ ቴን ፓውንድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ከመብራት ጠባቂው ቤት ተከራይቶ አሳለፈ፤ በዚያ ወቅት ከሠራቸው በርካታ የውሃ ቀለም ሥዕሎች አንዱ የኢስተርን ፖይንት መብራት ነው። ኤድዋርድ ሆፐር ደግሞ በ1927 በሜይን ግዛት ወደ ኬፕ ኤልዛቤት ሄዶ የዚያን ቦታ መንትያ ማማዎችና የፖርትላንድን ማማ በውሃ ቀለም ሣለ። ሆፐር ባሕሩን ከሥዕሉ ያወጣዋል። ግንቡን ከኮረብታው ሥር ሆኖ ወደ ላይ ያየዋል፤ የቀን ፀሐይ ነጩን ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል። የመብራት ማማ መብራቱ ሳይበራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ እንደፈታ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። መንትያ ከሆኑት ከሁለቱ አንዱ በ1924 ለዘለቄታው ጠፍቶ ነበርና ነገሩ ከእውነቱ አይርቅም። ከእነዚሁ መንትያ ማማዎች አንዱን በ1929 የሣለበት የዘይት ቀለም ሥዕል ሜይን ግዛት የሆነችበት 150ኛ ዓመት በ1970 ሲከበር የአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ሆኗል።

ሆፐር ያስተዋለው ነገር ለካርታ ሠዓሊውም መሠረት ነው። ማማ በሌሊት የሚታወቀው በመብራቱ ጠባይ ሲሆን በቀን የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ይህ የቀን ምልክት ይባላል። በሰሜን ካሮላይና አሸዋማ ዳርቻ ላይ ያሉት ረጃጅም ማማዎች ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ናቸው። ዳርቻው ዝቅ ያለና አንድ ዓይነት ስለሆነ ከባሕር ሲያዩት ምልክት የለውም፤ ማማዎቹም በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የተለያየ ልብስ ለበሱ። ኬፕ ሃተራስ ጥቁርና ነጭ ጥምዝ መቀነት ታጠቀ፤ ቦዲ ደሴት አግድም ጥቁርና ነጭ መስመር ተሰጠው፤ ከሪታክ ቀይ ጡቡ ሳይቀባ ቀረ። ኬፕ ሉክአውት በ1873 የዳማ ገበታን በማዕዘኑ ያቆሙት የሚመስል ጥቁርና ነጭ ንድፍ ተቀባ። ንድፉ እንዲያው ለዓይን የተደረደረ አይደለም፤ ጥቁሮቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ነጮቹ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያያሉ። ማማውን ከፎቶግራፍ ላይ ሲቀዳ ይህን ልብ ያላለ ሠዓሊ፣ ከምሥራቅ የታየውን ግንብ ከደቡብ በሚታይ ባሕር ላይ ያቆመዋል። ተራ ተመልካች ስሕተቱን አያውቅም፤ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ግን ወዲያው ይለየዋል። በሜይን የዌስት ክዎዲ ማማ በ1858 የተሠራ ሲሆን በቀይና ነጭ አግድም መስመሮቹ ይታወቃል፤ ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ነጭ ግንብ ይጠፋል፣ ቀዩ መስመር ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የውሃ ቀለም የተፈጨ ቀለምና የግራር ሙጫ ውሁድ ነው። ይህ ሙጫ ዋና ምንጩ ሱዳን ቢሆንም በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችም ይለቀማል፤ ስለዚህ በሜይን ዳርቻ የተሣለ ማማ በአፍሪካ ግራር እንባ ተጣብቆ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀለሙ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ የወረቀቱ ነጭነት ከሥሩ ያበራል። የሥዕሉ ሁሉ ጣዕም የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ሠዓሊው ሰማዩን በስስ ሰማያዊ ሲቀባ በካርታው ላይ የታተሙት የጥልቀት ቁጥሮች አይጠፉም፤ በደመናው መካከል «12»፣ «9»፣ «17» እያሉ ይነበባሉ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በመሣሪያ መለካት ከመጀመሩ በፊት በገመድ ይለኩ ነበር። መርከበኛው በገመድ ጫፍ የእርሳስ ክብደት አስሮ ወደ ባሕሩ ወለል ይጥል ነበር፤ የክብደቱ ሥር ሞራ ስለሚቀባ አሸዋ ወይም ጭቃ ተጣብቆበት ይወጣል። በካርታው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚገኙት ትንንሽ ፊደላት የዚያ አሸዋና ጭቃ መዝገብ ናቸው። ዘይት ቀለም ወይም አክሪሊክ ይህን ሁሉ ይደፍነው ነበር።

የካርታ ወረቀት ግን ለውሃ ቀለም የተሠራ አይደለም። የተሠራው መርከቡ ላይ ቢረጥብ እንዳይፈራርስ፣ እርሳስ ደጋግሞ ቢጻፍበትና ቢጠፋ እንዳይላጥ ነው። ስለዚህ ውሃን ይገፋል፤ ቀለሙ እንደ ጤዛ ዶቃ ይሠራል፣ ብዙ ውሃ ከፈሰሰበትም ይሸበሸባል። ልምድ ያላቸው ሠዓልያን ወረቀቱን አስቀድመው በእርጥብ ስፖንጅ አሻሽተው፣ ዳር ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ከጣውላ ላይ ወጥረው ያደርቁታል። ከዚያም ውሃው ጥቂት፣ ብሩሹ ግማሽ ደረቅ ይሆናል። በማተሚያ ቤት የታተመ ካርታ ቀለሙ ዘይት ስላለበት አይፈስም፤ በቢሮ ማተሚያ በፈሳሽ ቀለም የታተመ ቅጂ ግን የመጀመሪያው ብሩሽ ሲያርፍበት ሐምራዊውና ሰማያዊው ይቀላቀላሉ። ይህን አስቀድሞ በካርታው ጥግ በአንዲት ጠብታ መፈተን የብዙ ቀን ልፋትን ያድናል።

ከባዱ ችግር ነጩ ግንብ ነው። በውሃ ቀለም ሥርዓት ነጭ ማለት ያልተቀባ ወረቀት ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ ምድሩ ቢጫማ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሰማያዊ፣ ባሕሩ ሲጎድል የሚገለጠው ዳርቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታተማል፤ ነጭ የሚቀረው ጥልቁ ባሕር ብቻ ነው። ሠዓሊው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ግንቡን በጥልቁ ባሕር ነጭነት ላይ ማቆም ነው፤ ይህም ቁጥሮቹ በግንቡ ግድግዳ ላይ እንዲነበቡ ያደርጋል። ሁለተኛው ጉዋሽ የሚባለውን ድፍን ነጭ ቀለም መጠቀም ነው። ጉዋሽ ሲበዛ ግንቡ ከካርታው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። የመጀመሪያው መንገድ ይበልጣል፤ በግድግዳው ላይ የሚታየው የጥልቀት ቁጥር ግንቡ ለምን እንደተሠራ ያለ ቃል ያስረዳልና። ቦታ አመራረጥም እንዲሁ ማሰብን ይጠይቃል። ማማው የራሱን ነጥብና የኮምፓሱን ክብ ከሸፈነ ካርታው ካርታነቱን ያጣል። ጥሩ ሥራ የሚባለው ተመልካቹ በመጀመሪያ ግንቡን አይቶ ቀጥሎ በዓይኑ ነጥቧን ፈልጎ የሚያገኝበት ነው።

«ታሪካዊ» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ባሕር ውስጥ በሚገኘው በኤዲስቶን ዐለት ላይ አራት ማማዎች ተፈራርቀዋል። ሄንሪ ዊንስታንሊ በ1698 ያበራው የእንጨት ማማ በኅዳር 1703 በተነሣው ታላቅ አውሎ ነፋስ ሠሪውን ይዞ ጠፋ። በ1709 የተተካው በ1755 ተቃጠለ። ጆን ስሚተን በ1759 ድንጋዮቹን እርስ በርስ ቆልፎ የሠራው ግንብ ከመቶ ዓመት በላይ አገለገለ፤ በመጨረሻ የተነቃነቀው ግንቡ ሳይሆን የቆመበት ዐለት ነው። በ1882 የአሁኑ ማማ አጠገቡ ሲበራ፣ የስሚተን የላይኛው ክፍል ተነቅሎ በፕሊመዝ ከተማ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ተተከለ፤ ጉቶው በባሕሩ ውስጥ ቀረ። እንግዲህ ሠዓሊው በአንድ የኤዲስቶን ካርታ ላይ የትኛውን ማማ ይሥላል? የካርታውን እትም ዓመት ማንበብ ግድ ይለዋል። በ1900 በታተመ ካርታ ላይ የስሚተንን ሙሉ ግንብ በባሕር ላይ ማቆም ታሪክን ማዛባት ነው፤ ከጉቶው አጠገብ አዲሱን መሣል ግን ሁለቱንም ዘመን ይይዛል።

ኬፕ ሃተራስ ከዚህም የተለየ ጉዳይ ነው። ማማው በ1870 ሲበራ ባሕሩ 450 ሜትር ያህል ይርቀው ነበር። አሸዋው በማዕበል እየተበላ ባሕሩ ወደ መሠረቱ ስለተጠጋ በ1999 ግንቡ ሳይፈርስ ከመሠረቱ ተነሥቶ በብረት ሐዲድ ላይ 884 ሜትር ወደ ውስጥ ተገፋ። በ1፡80,000 ካርታ ላይ ይህ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1999 በፊትና በኋላ የታተሙ ሁለት ካርታዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነጥቧ ጣት በማይሞላ ቦታ ስትሸሽ ያያል። በአሮጌው ካርታ ላይ ማማውን የሚሥል ሠዓሊ ዛሬ ግንቡ በሌለበት አሸዋ ላይ እያቆመው መሆኑን ማወቅ አለበት።

የካርታው አቅርቦት በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። የባሕር ካርታ ሁልጊዜ ያረጃል፤ መብራት ይቀየራል፣ አሸዋ ይሄዳል፣ መርከብ ይሰጥማል። መርከበኞች እርማቱን በእጅ ይጽፉበታል፤ አዲስ እትም ሲወጣም አሮጌው ለጉዞ የማይታመን ይሆናል። ሠዓልያን የሚያገኙት ይህንን ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ራሱ እየጠፋ ነው። ካርታው ወደ ኮምፒዩተር ስክሪን ገብቷል፤ የአሜሪካ መንግሥት የባሕር ቅየሳ መሥሪያ ቤት የተለመዱትን የወረቀት ካርታዎች ማቆም የጀመረው በ2019 ካስታወቀ በኋላ ሲሆን በጥር 2025 ጨረሰ። የቀድሞዎቹን እትሞች በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ስለሆኑም የባለቤትነት መብት አይከለክላቸውም። የብሪታንያዎቹ የቅርብ ዘመን እትሞች በዘውዱ የባለቤትነት መብት ይጠበቃሉ፤ አትሞ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥንቃቄ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን በመዳብ ሰሌዳ የታተመ፣ መብራቶቹ በእጅ የተቀቡ ካርታ ሥዕል አይሣልበትም። የመዳብ ሰሌዳ ኅትመት እርጥብ ወረቀት ይፈልግ ስለነበር ወረቀቱ ሲደርቅ የተኮማተረበት መጠን ሳይቀር የታሪክ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ ቦታው ቤተ መዘክር ነው፤ ለሥዕል ቅጂው ይበቃል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በብዛት የታተሙት ግን ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ የሚመረጠው ንጹሑ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ የመርከቡን መንገድ ያሠመረበት፣ ሰዓቱን የጻፈበት፣ የቡና ጀበና ወይም የኩባያ ቂጥ ክብ ምልክት የተወበት ነው። ብልህ ሠዓሊ ያንን የእርሳስ መሥመር አያጠፋም፤ መንገዱ ወደ ማማው እንዲያመራ አድርጎ ሥዕሉን ያስቀምጠዋል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ጠላቱ ብርሃን ነው። እንደ አሊዛሪን ክሪምሰን ያሉ ቀይ ቀለሞች በፀሐይ ይከስማሉ፤ ለቀይ መስመርና ለመስተዋት ክፍሉ ጣሪያ ካድሚየም ወይም ከብረት ዝገት የሚገኝ ቀይ አፈር ይሻላል። ሐምራዊው የኅትመት ቀለምም በተራው ይደበዝዛል። ስለዚህ ሥዕሉ አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ ተደግፎ፣ የፀሐይን ጨረር ከሚገታ መስተዋት በስተኋላ፣ መስተዋቱ ወረቀቱን ሳይነካ ይገጠማል፤ የሚሰቀለውም መስኮት በማይመለከተው ግድግዳ ላይ ነው። በካርታው ጠርዝ ላይ የእትሙ ቁጥር፣ ዓመቱና ስኬሉ የሚነበቡበት ክፍል በፍሬሙ እንዳይሸፈን ይደረጋል። ከሥሩም ወረቀቱ ለመርከብ ጉዞ እንደማያገለግል ይጻፋል።